ቀርፋፋዋ መርከብ ትኑርልን

ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. አንድ እሑድ ጠዋት ግን እኔ ወደዚያው አቅጣጫ በአንድ ቀን ተኩል ለመሄድ ወሰንኩ። ጓደኞቼ «ደህና ነህ ግን?» አሉኝ። አንደኛው ጭራሽ «በእግርህ ብትሄድ ይሻልሃል፤ ቢያንስ እግርህ ይፍታታል» ብሎ አላገጠብኝ። ደህና ነበርኩ። የፈለግኩት ከባሕር ዳር ተነስታ፣ ጣና ላይ በየወደቡ እየቆመች፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጎርጎራ በምትደርሰው መርከብ መሳፈር ብቻ ነበር።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ተገኘሁ። «ወደብ» ስል ክሬንና ኮንቴይነር የታያችሁ ካላችሁ ይቅርታ። የሲሚንቶ መቆሚያ፣ የታሰሩ ጀልባዎችና ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበሩ። መርከቧ ላይ የሚጫነውን ቆሜ ቆጠርኩ። ጨው፣ ሳሙና፣ የቢራ ሳጥን፣ ቆርቆሮ፣ አንድ አዲስ የስፖንጅ ፍራሽ። ከዕቃው ቀጥሎ ሰው ገባ። ጥቁር ጃንጥላ የያዙ ካህናት፣ ነጋዴዎች፣ ከእረፍት የሚመለስ አስተማሪ፣ መመሪያ መጽሐፋቸውን የሚያገላብጡ ሁለት ፈረንጆች፣ ልጇን ያዘለች አንዲት እናት። እና እኔ፣ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ።

ይህን የቆየ ጉዞ ዛሬ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጣና እንደገና ወሬ ሆኗል። ጎርጎራ ላይ በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው «ገበታ ለሀገር» ሥር ሪዞርት ተሠርቷል። «ጣናነሽ ፪» የተባለችው መርከብም በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስታ በየብስ፣ ተራራና ሸለቆ እያቋረጠች ስትመጣ አገር ሙሉ በስልኩ ተከታትሏታል። መርከብ በአስፋልት ስትሄድ ማየት በየቀኑ የሚገኝ አይደለምና እኔም እንደ ሌላው ሰው ዓይኔን አልነቀልኩም። ታዲያ በዚህ ሁሉ መሀል የሰማሁት ነገር «ፍጥነት»፣ «ምቾት»፣ «ቱሪስት» የሚሉ ቃላት ብቻ ሆኑብኝ። በየወደቡ ስለምትቆም፣ ፍየልና ፈረንጅ አብራ ስለምትጭን ቀርፋፋ መርከብ የሚያወራ አጣሁ። እኔ ላውራላት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ስለ ጣና ሽርሽር መጻፍ ቅንጦት ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። «ተነሱና ሂዱ» እያልኩ አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሰላም ወርዶ ሐይቁ ላይ እንደ ልብ መሄድ ሲቻል፣ ሐይቁ የማን መንገድ ይሆናል?

ወደ ጉዞዬ ልመለስ። መርከቧ ከባሕር ዳር እንደወጣች የምትሄደው በሰው ሶምሶማ ነው ብል አላጋነንኩም። በግራ በኩል የዘጌ ጫካ አለ። ከሥሩ ቡና፣ ከመሀሉ እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ወደ ከተማ እየቀዘፉ ይመጣሉ። ታንኳ ማለት እንግዲህ ከደንገል የሚታሰር፣ ውሃ ጠጥቶ ከመክበዱ በፊት ጥቂት ወራት ብቻ የሚያገለግል ጀልባ ነው። በዚህ ጥበብ ከሁሉ በላይ ስማቸው የሚነሳው ወይጦዎች ናቸው። በፈጣን ጀልባ ስታልፍ ታንኳ የምትባለው ነገር በማዕበልህ ስትናወጥ የምታያት ቡናማ ነጥብ ናት። በቀርፋፋዋ መርከብ ግን ቀዛፊው ሰላም ሊልህ፣ አንተም ልትመልስለት፣ ከዚያም ስለ እንጨት ዋጋ ከአጠገብህ ካለው ነጋዴ ጋር ሊጯጯህ ጊዜ አለ።

ወፎቹም እንደዚሁ። ሻላዎች ከረጢት የመሰለ ምንቃራቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው በቡድን ተንሳፈው ነበር። ፈጣን ጀልባ ሲመጣ ይበተናሉ። መርከቧ ስትመጣ ግን ገለል ብለው አሳለፉንና ተመልሰው ቦታቸውን ያዙ፤ እንደ ጎረቤት። ደቅ አካባቢ ነጭ ራስ ያለው ዓሣ አዳኝ ንስር ዛፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ሲጮህ ሰማሁ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ መነኩሴ «ይኼ እኮ ከእኛ ቀድሞ ኪዳን የሚያደርስ ነው» አሉኝ። «አባ፣ ሁልጊዜ እዚሁ ነው?» አልኳቸው። «ዛፉ እስካለ ድረስ» አሉ። ቀላል መልስ ነበር። በኋላ ግን ደጋግሜ አሰብኩት። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ትልልቅ ዛፎች የቀሩት በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ስላለ ነው። ሐይቁ 37 ያህል ደሴቶች አሉት ይባላል፤ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም አለ ወይም ነበረ። በመነኮሳቱ ጥበቃ ሥር ያልሆነው ዳርቻ ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ የሚቀጥለውን ቀን መጠበቅ ነበረብኝ።

ደቅ ላይ ረጅም ጊዜ ቆምን። ደቅ በጣና ትልቁ ደሴት ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ እዚሁ ናት። ማዶ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ፤ የእነ ዐፄ ፋሲል አፅም ያረፈበት። ዳጋም፣ ባሕር ዳር አጠገብ ያለው ክብራን ገብርኤልም ሴት አያስገቡም፤ እህቶቻችን ከውሃው ላይ ሆነው ነው የሚሳለሟቸው። እኔ ይህንን ሁሉ እያነበብኩ ካሜራዬን ሳስተካክል፣ ያቺ ልጇን ያዘለችው እናት ለመውረድ ተነሳች። ባሕር ዳር ልጇን አሳክማ እየተመለሰች ነበር። ዕቃዋን አቀበልኳት።

«አንተ ልታይ ነው የመጣኸው አይደል?» አለችኝ ካሜራውን አይታ።

«አዎ፤ ሽርሽር ነገር ነው» አልኩ፣ ትንሽ አፍሬ።

«ይሁን፤ ደግ ነው። እኛማ መንገዳችን ነው» አለችና ወረደች።

ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ከዚያች ዓረፍተ ነገር አልፎ የሚሄድ አይደለም። ለእኔ ሽርሽር የሆነው ለእሷ መንገድ ነው። ወፍጮ፣ ሐኪም ቤት፣ ገበያ፣ ልቅሶ፣ ሠርግ ሁሉ በዚያ ውሃ ማዶ ናቸው። ደሴት ላይ ለሚኖር ሰው መርከብ ማለት ለአንተ ሰፈር የሚመጣው አውቶቡስ ነው። አውቶቡሱን «ለቱሪስት ብቻ» ብለን ብንቀማው ምን እንደምትል አስብ።

ማታ ቁንዝላ አደርን። እራት ዓሣ ነበር፤ ቆሮሶ። ያበሰለችልን ሴት ዓሣው ድሮ ከሳህን ይተርፍ እንደነበር በእጇ ለክታ አሳየችን። የዓሣ አጥማጅ ወሬ ሲተርክ ያድጋል ይባላልና እኔ ፈገግ አልኩ። ጉዳዩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ጣና ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የሌሉ ከአስር በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። አንድ ሐይቅ ውስጥ ተዛምደውና ተለያይተው የኖሩ፣ ሳይንቲስቶች በመገረም የሚያጠኗቸው። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል እነ ጉማራን፣ ርብንና መገጭን ሽቅብ ይወጣሉ። መረብ የሚዘረጋውም ልክ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ በር ላይ ነው። ቁጥራቸው ክፉኛ ቀንሷል። ይህንን በወረቀት ከማንበቤ በፊት የሰማሁት ከአንዲት ዓሣ ጠባሽ ነው፤ መርከቧ ቁንዝላ ስላደረች።

ሌሊት ከደንገሉ ውስጥ ጉማሬ ሲያጓራ ሰማን። ስለ ጉማሬ ሳነሳ አንድ ኑዛዜ አለኝ። ከዚያ ጉዞ ከሁለት ዓመት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ባሕር ዳር ሄጄ የሞተር ጀልባ ተከራየን። ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ሄድን። ጉማሬዎቹ ነበሩ፤ አንዷ ግልገሏን ከጎኗ አድርጋ። ባለ ጀልባው ራቅ ብሎ ሊያቆም ሲል «ጠጋ በላት፣ ፎቶው አልወጣም» ያልኩት እኔ ነኝ። ጠጋ አለ። ዞረ። እንደገና ዞረ። እናትየዋ ግልገሏን እየገፋች ወደ ዳር ሸሸች። ዳሩ ደግሞ የገበሬ ማሳ ነው። በዚያች ሌሊት ያ ማሳ ተበልቶ ከሆነ ጥፋቱ የጉማሬዋ ብቻ አይደለም። ፎቶው አሁንም አለኝ፤ ጥሩ ፎቶ ነው፤ ለማንም አላሳየሁትም። መርከቧ ግን ለፎቶ ብላ አትዞርም። መንገድ አላት፣ ወደብ ይጠብቃታል። ያየኸውን አየህ፣ ያላየኸው አመለጠህ።

በሁለተኛው ቀን እሰይ ደብርና ደልጊ ቆምን። ደልጊ ላይ እህል ተጫነ፤ በጆንያ ላይ ጆንያ። እኔም ጆንያ ላይ ተደግፌ ዳርቻውን ሳይ ዋልኩ። ጎርጎራ ስንቃረብ ውሃው ላይ አንድ አረንጓዴ ነገር ተንሳፎ አየሁ፤ ሐምራዊ አበባ ያለው። «እንዴት ያምራል!» ብዬ አነሳሁት፤ በካሜራ ማለቴ ነው። ከመርከቧ ሠራተኞች አንዱ «ወንድሜ፣ አታድንቀው፤ ይኼ ነው ሐይቁን የሚበላው» አለኝ። እምቦጭ ነበር።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ አበው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ ያደርጋል። ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው። አብዛኞቻችን አዲስ አበባ ላይ ሆነን የደነገጥነው ግን በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል በቴሌቪዥንና በፌስቡክ ስናይ። ከዚያ ገንዘብ ተዋጣ፣ ማሽን ተገዛ፣ ቲሸርት ታተመ። በመሀሉ ያለፉት አምስት ዓመታት የት ሄዱ? የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ያውቅ ነበር። የመርከቧ ሠራተኛ ያውቅ ነበር። የማናውቀው እኛ፣ ጣናን ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ አንድ ሰዓት ሄደን፣ ገዳም ተሳልመን፣ ለምሳ ተመልሰን «ጣናን አየሁት» የምንለው ነበርን። የሰሜኑን ዳርቻ የምታሳየው ቀርፋፋዋ ብቻ ናት።

ሐይቁ ራሱ መርከቧን ያስቆመበት ጊዜም አለ። በ1995 ዓ.ም. ድርቁም፣ በጨረጨራ ግድብ በኩል ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃም ተደምረው የጣና መጠን ክፉኛ ወርዶ መርከቦች ለወራት ሥራ አቁመው ነበር። ዳር ዳሩ ሲደርቅ ደንገሉ ተመነጠረ፣ ታረሰ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በምዕራብ በኩል ውሃ ይወስዳል። መብራት አያስፈልግም የሚል ሞኝ የለም፤ እኔም ይህንን የምጽፈው በመብራት ነው። ነገር ግን «ውሃው ስንት ደርሷል?» ብሎ በየሳምንቱ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። መርከበኛ ይህን የሚጠይቀው ለሥራው ነው። መርከቧ መሬት ከነካች እንጀራው ቀረ።

አሁን ተቃውሞውን ልስማ።

«ኪሳራ ናት» የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። የገጠር መንገድም አትራፊ ሆኖ አያውቅም፤ ግን እንሠራዋለን፣ እናቶች ሐኪም ቤት እንዲደርሱ። የውሃ መንገድ ሲሆን ብቻ ለምንድን ነው የሒሳብ መዝገብ የምንገልጠው?

«ዘመኑ የፍጥነት ነው» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፤ የቸኮለ በመኪና ይሂድ፣ ፈጣን ጀልባም ይኑር። እኔ የምለው ፈጣኗ ስትመጣ ቀርፋፋዋ አትሰረዝ ነው።

«ቱሪስት ገንዘብ ያመጣል፣ የደቅ ገበሬ ምን ያመጣል?» የሚለው ሦስተኛው ነው፤ እንዲህ በግልጽ የሚናገረው ባይኖርም። እዚያች መርከብ ላይ የነበሩት ሁለት ፈረንጆች ስለ ምን ፎቶ እንዳነሱ ልንገራችሁ። የስፖንጅ ፍራሹን ነው። ፍራሹ ደቅ ላይ ሲወርድ ሁለት ጎረምሶች ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው፣ ከኋላቸው ልጆች እየተከተሏቸው፣ ሙሽራ እንደሚሸኝ ሆነው ሲሄዱ ፈረንጆቹ ቆመው አጨበጨቡ። ሰው አገር አቋርጦ የሚመጣው ኑሮ ለማየት ነው። ኑሮውን ከመርከቧ አውርደን በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ወንበር ብናስቀምጥ፣ ወንበርማ እነሱም አገር አለ።

ስለዚህ ጣና ላይ መርከብ የምታሰማሩ፣ ነገም የምታሰማሩ ሁሉ፣ የምጠይቃችሁ አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን በየወደቡ የምትቆም መርከብ ትኑር። ሰዓቷ ወደቡ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ተሳፋሪ ሞላም አልሞላም ትነሳ።

ሁለተኛ፣ የደሴቱና የዳርቻው ሰው በአቅሙ ይክፈል። እንግዳው ጨምሮ ይክፈል፤ እኔ ጨምሬ እከፍላለሁ። ወንበሩ ግን አንድ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ለተሳፋሪ ሁሉ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይኑር፤ መርከብ ላይም፣ የሞተር ጀልባ ላይም። ፎቶ ለማንሳት ብቻ የሚለበስ አይሁን። ጉማሬና ወፍ ዘንድ ሲደረስ ሞተር ይቀዝቅዝ፣ መዞር ይከልከል። እንደ እኔ ያለው ተሳፋሪ «ጠጋ በላት» ሲል ባለ ጀልባው «አይቻልም» የሚልበት ሕግ ይኑረው።

አራተኛ፣ በየጉዞው አንድ ደብተር ይያዝ። የት እምቦጭ ታየ፣ ውሃው የት ደረሰ፣ የትኛው ደንገል ታረሰ፣ ሻላው የት ሰፈረ። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦልናል። መዝገቡ ፓሪስ አለ፤ ደብተሩ ግን መርከቧ ላይ ቢኖር ይጠቅመናል። የባሕር ዳር ተማሪዎች ተራ ገብተው ቢጽፉት ሁለት ቀን ከክፍል መቅረታቸው አይቆጨኝም።

ጎርጎራ የደረስነው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ በሠራው ወደብ ላይ ቆሜ መርከቧ እህሏን ስታራግፍ አየሁ። ጓደኛዬ ደወለ። «ደረስክ?» አለኝ እየሳቀ። «እኛ ትናንት ምሳ ጎንደር በልተን፣ ዛሬ ተመልሰን ባሕር ዳር ነን።»

«መንገድ ላይ ምን አያችሁ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር» አለ።